ክር የሚበላ ድንጋይ

ከፊት በኩል የተሸረፈች ጥርሴን ያየ ሁሉ ‹‹በምን ሆነች?›› ይለኛል። ለልጆች በቅሎ ረግጣኝ ነው እላለሁ፤ ለጎልማሶች ከጅብ ጋር ስታገል ነው እላለሁ። ሚስቴ እውነቱን ታውቃለች፤ እንግዳ ፊት ግን ነጠላዋን አፏ ላይ ጣል አድርጋ ዝም ትላለች። አሁን አርጅቻለሁ፤ የትኛውን ለማን እንደነገርሁ መያዝ አቅቶኛል። ስለዚህ እውነቱን ልጻፈውና ልረፍ። ጥርሴ የተሸረፈችው ድንጋይ ነክሼ ነው። የነከስሁትም ርቦኝ አይደለም፤ ሚስት ላገባ ብዬ ነው።

ጊዜው ደርግ ነው። ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ከዋናው መንገድ ዳር፣ የጋሪ ፈረሶች ከሚቆሙበት ፊት ለፊት፣ አንዲት የቆርቆሮ በረንዳ ሥር የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ ልብስ እሰፋ ነበር። ልብስ ሰፊ ስላችሁ ትልቅ ባለሙያ እንዳይመስላችሁ። የአንዱን ሱሪ ግራ እግር አሳጥሬ ‹‹ሲራመዱበት ይስተካከላል›› ብዬ የምሸኝ ዓይነት ነበርሁ። በአንድ ነገር ግን እኮራ ነበር፤ በክር። ክር በሁለት ጣቴ መካከል አንዴ ካሸሁት ጥንካሬውን፣ አገማመዱን፣ ስንት ክረምት እንደሚችል እናገራለሁ እል ነበር። ይህችን ኩራቴን አደራ ያዙልኝ፤ ኋላ እንፈልጋታለን።

ልጅቱን ያየኋት ከእናቷ ጋር ነው። ከቡሬ ወጣ ብሎ ያሉ ገበሬዎች ናቸው፤ ዘራቸው ከአዊ ነው። እርስ በርሳቸው አዊኛ፣ ከእኛ ጋር አማርኛ ያወራሉ። ዘመድ ሊጠይቁ ከተማ መጥተው ኖሮ፣ የልጅቱ የክት ቀሚስ ጠርዙ ተተርትሮባቸው ከዘንቢል አውጥተው ሰጡኝ።

‹‹በል ልጄ፣ ቶሎ አድርስልን፤ መንገደኞች ነን›› አሉኝ እናትየው።

ልጅቱ ቆማ መኪናዋን ታያለች። እኔ ደግሞ መኪናዋን ማየት ሲገባኝ ልጅቱን አያለሁ። ጨርሼ ብድግ ስል ቀሚሱም አብሮኝ ብድግ አለ። የራሴን እጅጌ ከጠርዙ ጋር አብሬ ሰፍቼዋለሁ!

‹‹እማ፣ ሰውየው አብሮን ሊሄድ ነው መሰል›› አለችና ሳቀች።

በዚያች ሳቅ ተያዝሁ። ከእጅጌዬ ይልቅ ያን ጊዜ የተሰፋው ልቤ ነው ብል ቅኔ ዐዋቂው አጎቴ ‹‹ውራጅ ቅኔ ነው›› ይሉኛል፤ እተወዋለሁ።

ሽማግሌ የላክሁት እኒህኑ አጎቴን ነው። ሲመለሱ በረንዳዬ ላይ ተቀመጡ፤ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

‹‹ፈቀዱ?››

‹‹አባትየው ፈቅደዋል።››

‹‹እናትየውስ?››

‹‹እናትየው ፈቅደዋል፤ አልፈቀዱምም።››

‹‹ኧረ በፈጠረዎት፣ አጎቴ፣ ቅኔውን ለቤተ ክርስቲያን ያቆዩትና ይንገሩኝ!››

‹‹አንዲት ነገር ነው የጠየቁ። ወርቅ አላሉ፣ ብር አላሉ። ‹ለልጄ አንገት የድንጋይ ሐብል ያምጣ፤ ቀለሙ የማይለቅ፣ ከሷ አልፎ ለልጇ የሚተርፍ። በጥሎሹ ቀን፣ ሰው ፊት፣ በፈላ ውሃ እኔው እፈትነዋለሁ። የለቀቀ እንደሆነ ልጄ ከጓዳ አትወጣም› ብለዋል።››

ምክንያቱንም ከአባትየው ሰምተው ነበር። ሴትዮዋ ራሳቸው ሙሽራ ሳሉ ከባላቸው ወገን የመጣላቸው ጥሎሽ ቀይ የአንገት ጌጥ ነበር አሉ። ነጭ በነጭ ለብሰው፣ በቅሎ ላይ ተቀምጠው ወደ ባላቸው አገር ሲሄዱ ያልታሰበ ዝናብ ወረደ። በጥር ዝናብ ማን ይጠብቃል? ግን ሰማይ የማንን ሰርግ ያከብራል! ጌጡ የተቀባ ኖሮ ቀለሙን ለቀቀው። ደርሰው ከበቅሎ ሲወርዱ ደረታቸው ሁሉ ቀይ ነው። ሰርገኛው መጀመሪያ ደም መስሎት ጮኸ፤ ቀጥሎ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በገበያም፣ በወንዝም፣ በቤተ ክርስቲያንም ‹‹ቀለም የለቀቀባት ሙሽራ›› ተብለው ቀሩ። ወልደው ከብደው እንኳ ስሙ አልተዋቸውም። ቀሚሱን ሳጥን ግርጌ ቆልፈውበታል፤ አይለብሱት፣ አይሰጡት።

‹‹የመስታወት ጨሌም እንዳታመጣ›› አሉ አጎቴ ሲነሱ። ‹‹ጨሌ የዛር ነው ብለው ቄሱም፣ አማትህም፣ እኔም እናባርርሃለን።››

እንግዲህ እኔ ስለ ድንጋይ የማውቀው ውሻ ሲመጣ እንደሚነሣ ብቻ ነው።

በገበያው ቀን ቡሬ ወረድሁ። ኩልና ቅመም፣ መስተዋትና የአንገት ጌጥ ዘርግተው የሚቀመጡ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ነበሩ።

‹‹አባባ፣ የማይለቅ ድንጋይ አለዎት?››

‹‹ድንጋይ ሲለቅ የት አይተሃል?›› አሉኝ። ‹‹የሚለቀው የተቀባ ነገር ነው። ሰውም ቢሆን።››

ከከረጢት ቀያይ ፍሬዎች አፈሰሱ፤ አተርም የሚያህል አለው፣ ባቄላም የሚያህል። ዓቂቅ የሚሉት ድንጋይ ነው አሉኝ። ከመሐሉ ግን የመስታወት ፍሬ ተቀላቅሎበታል፤ ‹‹ምረጥ፤ ዓይንህ ካታለለህ በዓይንህ ቆብ ምረጥ›› አሉኝ። ለካ መስታወት የዓይን ቆብ ላይ ሲያስቀምጡት ቶሎ ይሞቃል፤ ድንጋይ ግን ቅዝቃዜውን ይዞ ይቆያል። በሉ እንግዲህ ጉዴን ስሙ፦ ገበያ መሐል፣ ራሴን ወደ ሰማይ ቀና አድርጌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ አንዱን አንሥቼ አንዱን እጥላለሁ። አንዲት ደግ ሴት ስታልፍ ‹‹ዓይነ ብርሃኑን ይመልስልህ›› ብላ እጄ ላይ ቆሎ ዘገነችልኝ። ‹‹አሜን›› ብዬ በላሁት፤ ምን ላድርግ?

በዚህ አላበቃሁም። ነጋዴው አንዷን ፍሬ ‹‹ቤትህ ወስደህ ፈትናት›› ብለው ሰጡኝ። እውነተኛ ድንጋይ መስታወት ይጭራል ሲሉ ሰምቼ ነበር። መጫርን ከጠርሙስ የሚጀምር ብልህ ሰው ነው፤ እኔ ደንበኞቼ የሚያዩበትን ትልቁን መስተዋቴን ጫርሁት። ድንጋዩ እውነተኛ ነበር! ከዚያ ወዲያ ኮት ሊለካ የመጣ ሁሉ አፍንጫው ላይ ጠባሳ እያየ ይደነግጣል። ከዚህ በኋላ ነው ‹‹ጥርስስ ምን ይላል?›› ብዬ የነከስሁት። ጥርስ ‹‹ቀጭ›› አለ። ድንጋዩ ምንም አላለም።

በሚቀጥለው ገበያ አፌን ይዤ ተመልሼ ሙሉውን ሐብል የሚሞሉ ፍሬዎች መረጥሁ። ዋጋውን አልጽፍም፤ ሚስቴ ይህን ታነባለች።

ነጋዴው ሲጠቀልሉልኝ አንድ ነገር ጨመሩ። ‹‹ልጄ፣ ድንጋይ ክር ይበላል። የቀዳዳው አፍ ስለት ነው። ለክሩ ተጠንቀቅ።››

ደረቴን ነፋሁ። ‹‹ክሩን ለእኔ ይተዉት፣ አባባ። ልብስ ሰፊ ነኝ።››

አንድ ጊዜ አየት አደረጉኝና ‹‹እንዲያ ከሆነ ቤትህ ነው›› አሉ።

እቤቴ ድንጋዮቹን በእንዶድ አጠብኋቸው፤ በአመድ አሸኋቸው፤ በድስት ቀቀልኋቸው። አጎቴ መጥተው ድስቱን ከፍተው ‹‹ይህ ወጥ መቼ ይደርሳል?›› ብለው ሄዱ። ውሃው እንደ ምንጭ ጠራ። ልቤ ረጋ። አሁን የቀረው ክሩ ነው፤ እሱ ደግሞ የእኔ ግዛት ነው።

መስከረም ላይ የአብዮቱ በዓል ሲደርስ የከተማው ልብስ ሰፊ ሁሉ መፈክር የሚጻፍበትን ቀይ ጨርቅ ሲሰፋ ነበር የከረመው። ከዚያ የተረፈኝ ወፍራም ቀይ ክር ነበረ፤ ቀለሙ ከድንጋዩ ጋር እንደ መንትያ ነው። በጣቶቼ አሸሁት፤ ‹‹ይህ ልጅ ልጅ ያያል›› አልሁ። ደርቤ ገመድሁት፤ ሰም አጠጣሁት፤ የከሰል ካውያዬን አንጠለጠልሁበት፤ ቻለልኝ። ድንጋዮቹን ሰካሁበት። ክሩና ድንጋዩ አይለዩም። እንደዚያ ቀን በራሴ ኮርቼ አላውቅም፤ በኋላም አልኮራሁ።

በጥር ካባ ደርቤ፣ በቅሎ ላይ ወጥቼ፣ ሚዜዎቼን አስከትዬ ከልጅቱ አገር ደረስን። ዳሱ ጢም ብሏል። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበርም በክብር ተጋብዘው ከፊት ተቀምጠዋል። ጥሎሹ ተዘረጋ፤ ቀሚሱ ታየ፣ ተነቀፈ፤ ነጠላው ታየ፣ ተነቀፈ፤ ጫማው ‹‹የማን እግር ነው?›› ተባለ። ወጉ ነው። ከዚያ አንደኛ ሚዜዬ ሐብሉን ብድግ ሲያደርገው ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ።

አማቴ ከጓዳ ወጡ። በእጃቸው ነጭ ጎድጓዳ ሳህን ይዘዋል፤ ውሃው ይጨሳል። ፊታቸው ላይ ቁጣ የለም፤ ፍርሃት ነው ያለው። ይህን ያየሁት ግን አሁን ሳስታውሰው ነው፤ ያን ጊዜስ ሚዜዬን እጠቅስ ነበር።

ሐብሉን ነከሩት።

መጀመሪያ ምንም የለም። ሰሙ እስኪቀልጥ ነው ለካ! ቀጥሎ እንደ ጭስ ያለች ቀይ መስመር ከድንጋዮቹ መሐል ወጣች። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ውሃው ሁሉ ቀላ።

አማቴ አልጮኹም። ሳህኑን እንደያዙ ቆሙ። እኅታቸው በአዊኛ አንድ ነገር አሉ፤ ምን እንዳሉ ሚስቴን እስከ ዛሬ ብጠይቃት ‹‹አይተረጎምም›› ትለኛለች። ከጥግ አንድ ጠላ ያሞቃቸው ሽማግሌ ‹‹ድሮስ! ቀይ ተብሎ የማይለቅ የት አለ?›› ብለው ጮኹ።

ዳሱ ውስጥ እስትንፋስ ጠፋ። ሰው ሁሉ በዓይኑ ጠርዝ ወደ ሊቀመንበሩ አየ። ሊቀመንበሩ ዋንጫቸውን ትኩር ብለው አዩት፣ አዩት፣ ከዚያ ‹‹ጠላው ደኅና ነው›› አሉ። አገር ተነፈሰ።

እኔ ግን አልተነፈስሁም። ሙሽራ አንገቱን ደፍቶ ዝም ይላል፤ ወጉ ነው። ወጉን ረሳሁት። ‹‹ክሩ ነው!›› ብዬ ዘለልሁ። ‹‹እሜቴ፣ ድንጋዩ አይደለም፣ ክሩ ነው!››

አማቴ ቀና ብለው አዩኝ። ‹‹ክሩን ማን አመጣው?››

‹‹እኔ ነኝ፣ እሜቴ።››

‹‹ሥራህ ምንድን ነው?››

‹‹ልብስ… ልብስ ሰፊ ነኝ።››

‹‹ልብስ ሰፊ ሆነህ ነው ክር የማታውቅ?››

ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። ከጓዳ ውስጥም አንዲት የማውቃት ሳቅ ተሰማችኝ፤ እጅጌዬን የሰፋሁ ዕለት የሰማኋት።

አማቴ ግን አልሳቁም። ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት፤ ድንጋዮቹን ለብቻ አራግፈው ሌላ የፈላ ውሃ አስመጡ። ጨመሯቸው። ቁጢጥ ብለው ጠበቁ። ውሃው አልቀላም። አላመኑም፤ የራሳቸውን ነጭ ነጠላ ጫፍ ከውሃው ነክረው እያንዳንዱን ድንጋይ ያሹት ጀመር። አሽተው ሲያበቁ ነጠላውን ወደ ፀሐይ አነሡት። ነጭ ነው። ብዙ ጊዜ እንዲያ ይዘውት ቆዩ።

‹‹ድንጋዩስ ድንጋይ ነው›› አሉ በመጨረሻ። ‹‹ሰውየው ነው ገና። እንዝርቴን አምጡልኝ።››

እዚያው ዳሱ መሐል ተቀምጠው ባዘቶ ይዘው ክር ይፈትሉ ጀመር! ቀለም ያልነካው ነጭ ክር። ሰርገኛው ቆሞ፣ በቅሎው ተጭኖ፣ ከበሮው ዝም ብሎ፣ እንዝርቷ ትሾራለች። ፈትለው፣ ገምደው፣ ሲያበቁ መርፌና ክሩን ለእኔ ዘረጉልኝ።

‹‹በል፣ ልብስ ሰፊ፣ ስካ።››

በካባዬ መሬት ተቀመጥሁ። ክሩ የመርፌው ቀዳዳ ውስጥ አልገባ አለኝ። ሚዜዬ ሊያግዘኝ እጁን ሲሰድ አማቴ እጁን ቸብ አደረጉለት። ሴቶቹ ከበሮውን አነሡ፤ ለማን እንደሚዘፍኑ አልጠፋኝም፦

ልብስ ሰፊው ሙሽራ፣ ክሩ አልገባለት፣
እጁ ተንቀጠቀጠ፣ አማት እያዩበት።

አንዷ ድንጋይ ከእጄ አምልጣ ከሊቀመንበሩ ወንበር ሥር ገባች። ሰውየው ተንበርክከው ፈልገው ሰጡኝ። ሊቀመንበር ሲንበረከክ ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው። የመጨረሻዋን ሰክቼ ቋጠሮውን ሳጠብቅ አማቴ ሐብሉን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳብ፣ ሳብ አደረጉት። ቻለ። ወደ ጓዳ ይዘውት ገቡ፤ ሲመለሱ ልጅቱን ይዘው ነው የወጡት። ሐብሉ አንገቷ ላይ ነበር።

ነጋዴው ያሉት እውነት ሆነ፦ ድንጋይ ክር ይበላል። የአማቴም ክር ዓመት ሲሞላው ሳሳ። እሳቸው ግን ይህን ከእኔ በፊት ያወቁ ይመስለኛል። በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ አዲስ ክር ፈትለው ይመጣሉ። ከቡሬ የጭነት መኪና ላይ ተጭነው በረንዳዬ ይደርሳሉ፤ ‹‹ክር የማያውቀው ልብስ ሰፊ አለ?›› ይላሉ፤ ደንበኞቼ ይስቃሉ። እኔ መሬት ተቀምጬ እሰካለሁ፤ እሳቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያያሉ። ሳብ፣ ሳብ ያደርጉታል፤ ለልጃቸው ያስሩላታል። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ አንድ ቀን እንኳ ከራሳቸው አንገት ጋር ለክተውት አላየሁም። ሚስቴ ‹‹እማ፣ እስቲ አንዴ›› ስትላቸው ‹‹ለእኔ ድሮ አልፏል›› ብለው ይመልሱላታል።

አንድ ሐምሌ ሚስቴ ሴት ልጅ ወለደች። አማቴ ሊያርሷት መጥተው ሰነበቱ። ያን ዓመት መንገዱ ተበላሽቶ ዘግይተው ስለነበር ሐብሉን የሰካሁት በክረምቱ እኩሌታ ነው። ሳብ፣ ሳብ አደረጉት። ለልጃቸው ግን አላሰሩላትም። እጃቸው ላይ አቆይተውት ‹‹እስቲ ይህን ነገር አውሽኝ›› አሏት።

ጓዳ ገብተው ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው ወጡ፤ ሐብሉ አንገታቸው ላይ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሊሄዱ መሰለኝ። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሊበሳው ደርሷል። ጥላ ላምጣልዎ ብል አልሰሙኝም። በሩን ከፍተው ወጡ፤ ግቢው መሐል ደረሱና ቆሙ።

ልከተላቸው ስል ሚስቴ ከአልጋዋ ላይ ‹‹ተዋቸው›› አለችኝ። ተውኋቸው።

አሮጊቷ ፊታቸውን ወደ ሰማይ አድርገው ቆሙ። ጎረቤቶች በየበሩ ብቅ አሉ፤ የጋሪ ነጂዎች ከታዛ ሥር ሆነው አፋቸውን ከፈቱ። ዝናቡ ከራሳቸው እስከ እግራቸው አጠባቸው። እንዲያ ሆነው ሲበቃቸው ቀስ ብለው ተመለሱና በረንዳው ላይ፣ ብርሃን ባለበት፣ የቀሚሳቸውን ደረት በሁለት ጣታቸው ወጠር አድርገው አዩት።

‹‹አልለቀቀም›› አሉ፣ ለራሳቸው ያህል። ከዚያ ጮክ ብለው፦ ‹‹አንተ ልብስ ሰፊ፣ ና እይ!››

አማች የአማቱን ደረት አያይም። ጣራውን እያየሁ ‹‹አልለቀቀም፣ እሜቴ›› አልሁ።

‹‹ጣራውን እያየህ ነው የምትመሰክር?››

ዝቅ አልሁና አየሁ። ነጭ ነበር። እሳቸው ይስቁ ነበር፤ ያን ያህል ዓመት ሳውቃቸው ጥርሳቸው እንዲያ የሚያምር መሆኑን አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ይዘውት ከመጡት ዘንቢል ግርጌ አንድ የታጠፈ ነገር አውጥተው የስፌት መኪናዬ ላይ አስቀመጡት። ስዘረጋው ያ ቀሚስ ነው፤ ሳጥን ግርጌ የኖረው። ደረቱ ላይ ቀለሙ ደብዝዞ እንደ ጽጌረዳ ሆኗል።

‹‹ለልጂቱ የክርስትና ቀሚስ ቁረጥላት›› አሉኝ።

‹‹ይህን ቀዩንስ ልጣለው?››

‹‹ለምን ትጥለዋለህ? ደረቷ ላይ አድርገው። የሚስቅ ካለ ከእኔ ጋር ይስቃል።››

መቀሴን አነሣሁ። አማቴ እጄን ያዙኝ።

‹‹ቆይ፣ ቆይ። መጀመሪያ ክሩን አሳየኝ።››